አንገት ይማራል

ከማየቴ በፊት ተረከዟን ሰማሁ።

ከመኝታዬ ራስጌ፣ ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ነው። ሦስት ቀለል ያሉ ምቶች፤ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ፤ ከዚያ አራተኛዋ፣ የሰውነት ክብደት በሙሉ ያረፈባት። ጣውላው ሲንቀጠቀጥ ምስማር ላይ የሰቀልኳት የወደብ መታወቂያዬ ትወዛወዛለች። ደግሞ እንደገና። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራት! ገና መንጋቱ ነው። አሰብ ላይ ሰው የሚረባ ሥራውን የሚሠራው ፀሐይዋ ሳትበረታ በመሆኑ፣ የጎረቤቴም ሥራ ይህ ይሆናል ብዬ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። እንቅልፍ ግን አልመጣም። ምቱን ስቆጥር ተነሣሁ።

«አንተ ማዶ ያለኸው!» አለ የሴት ድምፅ። «ከረበሽኩህ ንገረኝ። አላቆምም፤ ግን ንገረኝ።»

«ኧረ አይረብሹኝም።»

«አይረብሹኝም? እነማን? እዚህ እኮ ብቻዬን ነኝ።»

ከተማዋ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ደሴ ላይ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ከመርከብ የሚወርደውን ጆንያ እየቆጠርኩ ወረቀት ላይ መስመር የማሰምር ሠራተኛ ሆኜ መጣሁ። ሰው አላበዛም። ከሥራ ስወጣ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ መርከቦቹ የመጡበትን አገር በሐሳቤ መገንባት ነበር ልማዴ። ከዚያች ጠዋት በኋላ ግን ሐሳቤ ሁሉ ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሆነ።

ከውኃው በርሜል ዘንድ ነው መጀመሪያ ያየኋት። ቁመቷ ረጅም አይደለም። ዕድሜዋ አርባን ሊነካ ነው። ነገር ግን ጀሪካን ይዛ ስትራመድ እንኳ፣ ከሩቅ የሚመለከታት ሰው ያለ ይመስል፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ነበር። ስሟ ዘውድነሽ ነው። እትዬ ዘውዴ እላት ጀመር፤ «እርስዎ» ማለቱን አስተወችኝ። «ሙቀቱ ያስረጀኝ ይበቃል» አለች።

ታሪኳን በአንድ ጊዜ አልነገረችኝም። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይዋ ሲበርድላት ሁላችንም አልጋችንን ወደ ደጅ ስናወጣ፣ ዛሬ አንዷን ነገ አንዷን ትቆርስልኛለች። የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ አዲስ አበባ ገባች፤ አክስቷ አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ውስጥ አልባሳት ታጥብ ነበር። ዘውድነሽ የታጠበውን ልብስ ተሸክማ ከመጋረጃው ጀርባ ስታልፍ ተወዛዋዦቹን ታስመስላቸዋለች። አንድ ቀን አንዷ ታመመች፤ ልብሷን ተሸክማ የመጣችው ልጅ ልብሱን ለብሳ ገባች።

«እንዲህ ያለ ታሪክ የሌላት ተወዛዋዥ የለችም» አለችኝ እየሳቀች። «የሁሉም ውሸት ነው፤ የኔ ብቻ እውነት ነው።»

አምስት ዓመት ከኋላ ረድፍ ቆመች። ከዚያ ከፊት። በሃያ አራት ዓመቷ፣ በአንድ ሙዚቃዊ ድራማ ላይ ወንዝ ተሻግራ የምትዳር ሙሽራ ሆና ተጫወተች። ድራማው አርባ አንድ ጊዜ ታየ። አርባ አንድ ጊዜ ተድራ፣ አርባ አንድ ጊዜ ከእናቷ ቤት አልቅሳ ወጣች። መንገድ ላይ ሰው ስሟን ትቶ «ሙሽራዬ» ይላት ጀመር፤ ልጃገረዶች መስተዋት ፊት እንደሷ አንገታቸውን ሊሰብሩ ይታገሉ ነበር። ይህን ስትነግረኝ አልጋው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳታስበው አንገቷ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ሄዶ ተመለሰ፤ ከማዶ አልጋውን ሲያወጣ የነበረ ሰው ቆሞ ቀረ።

አብዮቱ ሲመጣ ድራማውን ያዘጋጀው ሰው ታሰረ። በምን እንደታሰረ እስከ ዛሬ አታውቅም።

«ከሱ ጋር የሠሩ ሁሉ ይጣሩ ተባለ፤ ተጣራን። ጠላው ወረደ፤ እኔ ከአተላው ጋር ቀረሁ።»

ሁለት ወር ብቻ ሠርታ ልትመለስ፣ በጭነት መኪና አሰብ ወረደች፤ «ሞገድ» የሚባል ቡና ቤት ውስጥ ልትጨፍር። ሁለቱ ወር ስምንት ዓመት ሆነ። የ«ሞገድ» ደንበኞች ሹፌሮች ናቸው። ደስ ያለው ሹፌር ብድግ ይልና ብሩን ግንባሯ ላይ ይለጥፋል፤ እሷም ውዝዋዜውን ሳታቋርጥ አንገቷን ወደ ኋላ ሰበር አድርጋ ትቀበላለች። «ሌላ አገር በምራቅ ነው የሚለጥፉት» ትል ነበር። «አሰብ ላይ ላቡ ይበቃል።»

በኋላ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም አሠልጣኝ ሆነች። ቀን ኪነት፣ ማታ «ሞገድ»። የኪነቱ ሊቀ መንበር ጓድ ሀብቴ ነው፤ መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆኖ ድራማም የሚጽፍ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነው ብላ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። ድራማውን ለየተዋናዩ በእጄ እገለብጣለሁ፤ ሲታይ ደግሞ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ቃሉ የጠፋበትን በሹክሹክታ አስታውሳለሁ።

«ጓድ ዘውድነሽ» ይላት ነበር ሀብቴ በየልምምዱ፣ «ዘውዱ ከወረደ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። ይሄን ስም መቼ ነው የምትቀይሪው?»

«አንተ ‹ሀብቴ› የሚለውን ለመንግሥት ስታስረክብ።»

ቡድኑ በሳቅ ይወድቃል። ሀብቴም ይስቃል፤ ግን የሚስቀው ዘግይቶ ነው።

በ፸፮ ሰኔ ላይ ደብዳቤ መጣ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሙዚቃዊ ድራማ ይዘጋጃል። መራጭ ቡድን ሐምሌ ላይ አሰብ ይመጣል፤ ከአሰብ አንድ ሰው ይወስዳል፤ የተመረጠውም ከበዓሉ በኋላ ቴአትር ቤት በቋሚነት ይቀጠራል። ሀብቴ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ ሲያነብ ዘውድነሽ የጫማዋን ማሰሪያ እየፈታች ነበር። እጇ ማሰሪያው ላይ ቀረ።

ማታውን «ሞገድ» አልሄደችም። በማግስቱም አልሄደችም። ባለቤቱ ሰው ሲልክባት «ታማለች በለው» አለችኝ በግድግዳው። ተረከዟ ከዚያ ወዲያ በንጋት አይጀምርም ነበር፤ ሌሊት ጀምሮ ከንጋት በፊት ያበቃ ነበር።

«ስማኝ ንጋቱ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ከዚህ በኋላ መራጭ አይመጣም። ቢመጣም አሮጊት አይመርጥም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ አንድ ጊዜ ነው የሚታዘዘኝ፤ ያቺ አንድ ጊዜ ይህች ናት። እዚህ ከቀረሁ ‹ሞገድ› ውስጥ ሰክሬ እሞታለሁ። ይሄን ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም፤ እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ሀብቴ የጻፈው ድራማ ሁላችሁም የምታውቁት ዓይነት ነው። እናት ልጇን ወደ ጦር ሜዳ ትሸኛለች። ልጁ ይሰዋል። እናት ክንዷን ታነሣና «ልጄ ቢወድቅ አገሬ አልወደቀችም!» ትላለች። መጋረጃ። ልጁን የሚጫወተው አንድ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሺያን ነው፤ እጮኛውን ደግሞ ማንጠግቦሽ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ያየችውን ሁሉ ወዲያው የምትደግም። እናቲቱ ዘውድነሽ ናት።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች ዘውድነሽ። ከመርዶው በኋላ፣ ከመፈክሩ በፊት፣ ሦስት ደቂቃ። እናቲቱ ሳጥኗን ትከፍታለች፤ ለልጇ ሰርግ ያሰፋችውን ነጭ ሸሚዝ ታወጣለች፤ ወንበር ላይ ታለብሰዋለች። ከዚያ በሰርግህ እጨፍራለሁ ብላ ምላ ነበርና ሸሚዙ ፊት ትጨፍራለች። ያለ ከበሮ፣ ያለ ማሲንቆ። ተረከዝና አንገት ብቻ።

«በሰማዕት ቤት ጭፈራ?» አለ ሀብቴ።

«መፈክርህን አልነካሁብህም፤ ሦስት ደቂቃ ነው ያልኩህ።»

«ሕዝቡ ይስቅብናል።»

«አይስቅም» አለች።

ሸሚዝ ከየት ይምጣ ሲባል የኔን ሰጠሁ። የአሥራ ሁለተኛን ፈተና የተፈተንኩበት ነጭ ሸሚዜ ነው፤ ሌላ ጊዜ ለብሼው አላውቅም። ዘውድነሽ ትከሻው ላይ እጇን አሳርፋ መጀመሪያ የተለማመደች ቀን፣ የያዝኩትን ወረቀት ረስቼ ሸሚዜን አየሁት፤ ውስጡ ሰው ያለ መሰለኝ።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት በኋላ።

«አንድ ሹፌር ‹ሞገድ› ውስጥ ነግሮኝ ነው። ሰክሮ ነበር። ወንድሙ ሰርጉ ሊሆን ሲል ዘመተ፤ ቀረ። እናትየው የሰርጉን ሸሚዝ ምሰሶ ላይ ሰቅላ ብቻዋን ስትጨፍር ደረስኩባት አለኝ። ሌሎቹ ሲስቁበት እኔ አልሳቅሁም። ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።»

ሹፌሩ ማን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔ ግን አወቅሁት። መርሻ ነው፤ ለእናቴ የምልከውን ደብዳቤ ደሴ የሚያደርስልኝ፣ ተሳቢ የሚነዳ ግዙፍ ሰው። ደስታው ስለሚባለው ታናሽ ወንድሙ ለኔም ሳይሰክር ነግሮኛል።

ቅዳሜ ሊታይ ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቤት አገኘሁት።

«የኔ ፈላስፋ!» አለኝ ሻዩን እያማሰለ። «ዛሬስ ከየትኛው መርከብ ጋር ሄደህ መጣህ?»

«ጋሽ መርሻ፣ ቅዳሜ አሰብ ነህ?»

«ጭነቱ ካልደረሰ ነኝ። ደግሞስ መቼ ደርሶ ያውቃል?»

«ድራማ አለ። እትዬ ዘውዴ ናት የምትጫወተው።»

«የ‹ሞገዷ› ዘውዴ? እሷማ ጠፋች ብለን እያዘንን አይደል!»

ዝም ብል ይሻል ነበር። ነገር ግን አንድ የሚያምር ነገር በእጄ እንዳለ፣ ሁለት ሰዎችን ላገናኝበት የምችል ነገር እንዳለኝ ተሰማኝ።

«የእናትህን ነገር ነው የምትጫወተው» አልኩት። «የደስታውን ሸሚዝ።»

ማንኪያው ቆመ።

«ሸሚዙን?»

«አዎ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረገው። «ታውቃለህ፣ ለደስታው ድንኳን አልተጣለም። ደብዳቤ ካልመጣ አይለቀስም አሉን። ደብዳቤው አልመጣም፤ አላለቀስንም። ለሰርጉም ለልቅሶውም የተዘጋጀው እህል ነቀዘ።» አፍንጫውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ። «እንግዲህ ሰርጉ ቅዳሜ ነዋ! ልጆቹን ሁሉ ይዤ እመጣለሁ።» ከዚያ ትንሽ አሰበና «እዚያ… ይሸለማል እንዴ?» አለኝ።

በዕድሜዬ ያየሁት ድራማ ሁለት ነው፤ ሁለቱም የትምህርት ቤት።

«ልብህን ከነካው ማን ይከለክልሃል?» አልኩት። ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ እያፏጨሁ ገባሁ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። መድረካችን ከመርከብ ዕቃ ማሸጊያ ጣውላ የተመታ ነው፤ ጣሪያው ላሜራ፤ ሁለቱ ቬንትሌተሮች ሙቀቱን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ያመላልሱታል። መራጮቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች የአዲስ አበባ ኮታቸውን ለብሰው መጥተው፣ ድራማው ሳይጀመር ጉልበታቸው ላይ አጥፈው አስቀመጡት። ሦስተኛዋ ወፈር ያለች ሴት፣ ፕሮግራሙን አጣጥፋ ፊቷን የምታራግብ። ዘውድነሽን ከመጋረጃው ጀርባ ስታገኛት ማራገቡን ተወች።

«ዘውዴ! አለሽ እንዴ አንቺ?»

«የት እሄዳለሁ፣ እቴናት?»

ሙሽራይቱ አርባ አንድ ጊዜ ስትዳር እቴናት ከኋላ ረድፍ አጃቢ ነበረች። አሁን መራጭ ናት። ተቃቀፉ። እቴናት በጆሮዋ ስትናገር ከአጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። «እንደ ጥንቱ ብቻ ተጫወቺ። ስምሽን ከአሁኑ ጽፌዋለሁ።»

ዘውድነሽ ወደኔ ዞረች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ፊቷን አላየሁም። የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች።

ድራማው ተጀመረ። ልጁ ተሸኘ፤ ሰው አጨበጨበ። መርዶው መጣ። ዘውድነሽ ሳጥኑን ከፈተች። ሸሚዙን ስታወጣ አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የቬንትሌተሮቹ ድምፅ ብቻ ሆነ። ወንበሩ ላይ አለበሰችው፤ ክሳዱን አስተካከለች፤ ከትከሻው ላይ የሌለ አቧራ አራገፈች። ከዚያ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደች።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዝምታ። አራት።

አንገቷ እንደ ወሎ ሴት አንገት ሄዶ ተመለሰ። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ሙሽራ የምታስገባ እናት ፈገግታ። ያ ፈገግታ ነው ሰውን የገደለው። ከፊት የተቀመጡት የወደብ ሠራተኞች ኮፍያቸውን ሲያወልቁ አየሁ። እቴናት ማራገቢያዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። አንደኛው መራጭ ወደ ሁለተኛው አዘንብሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሆነላት አልኩ። ሆነላት!

መርሻ ያኔ ተነሣ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ፣ ሰርግ እንደተጠራ ሰው። እያለቀሰ ነው የሚሄደው። መድረኩ ላይ ሲወጣ ጣውላው ጮኸ። አሥር ብሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደሚያስቀድስ ሰው ዝቅ ብሎ ቀረባት።

ያን ጊዜ ፊቷን ብታዞር፣ ወይም አንገቷን ብትደፋ፣ ወይም አንድ እርምጃ ብታፈገፍግ ኖሮ ሰውየው የሚያደርገው ጠፍቶት ይወርድ ነበር። እሷ ግን የእግሯን ምት ሳታቋርጥ አንገቷን ወደ ኋላ ሰበር አደረገችለት። በሚያምር ሁኔታ። ብሩ ላቧ ላይ ልጥፍ አለ።

«ደስታው!» አለ መርሻ፤ «እልል በሉለት!»

ሹፌሮቹ ይህን ሥርዓት ያውቁታል። አንድ ሰው ከሸለመ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። ሁለተኛው ተነሣ። ሦስተኛው። ረዳቶቻቸው ተከተሉ። ከኋላ አንዱ አፏጨ፤ አንዱ «ዘውዴ የ‹ሞገዷ›!» አለ፤ እልልታው ደመቀ፤ ሰው ተሰለፈ። ሀብቴ ከጎን ሆኖ «ጓዶች! ሥርዓት! ጓዶች!» ይጮኻል፤ የሚሰማው የለም። እሷም መቆም አልቻለችም። ለእያንዳንዱ ሰው አንገቷ ይሰበራል፤ ግንባሯ ይቀበላል፤ የተለጠፈው ብር እየተላጠ ጣውላው ላይ ይረግፋል። ፈገግታዋ ያው ነበር፤ ግን ከእንግዲህ የእናት ፈገግታ አልነበረም።

መጨረሻ ላይ ቃሉ ጠፋባት። «ልጄ ቢወድቅ» አልኩ ከመጋረጃው ጎን። ዞር ብላ አየችኝ። አንድ ብር ግራ ዓይኗን ሸፍኖታል። ክንዷን አነሣች።

«ልጄ ቢወድቅ አገሬ አልወደቀችም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ሀብቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብሩን ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ይለቅም ነበር። እቴናት መጣች። ዘውድነሽ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ትጠርገዋለች።

«ዘውዴ…»

«ደግሜ ልጫወትላችሁ። ነገ ጠዋት፣ ማንም በሌለበት።»

«‹ከቡና ቤት ልማድ ያልተላቀቀች› ብለው ጽፈዋል። ሁለቱም ፈርመዋል።»

«ሰውየውን የጠራሁት እኔ አይደለሁም።»

«ሰውየውን ማን ጠራው አላልኩሽም» አለች እቴናት፤ ድምፅዋ ቁጣ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም። «አንገትሽን ማን ጠራው?»

ዘውድነሽ ቀሚሷን ከግንባሯ ላይ አወረደች።

«እጮኛዋን ሆና የተጫወተችውን ትንሿን እንወስዳለን። እሮብ አውሮፕላን ላይ ትሳፈራለች።» እቴናት ልትሄድ ከዞረች በኋላ ቆም አለች። «የሸሚዙን ነገር እስከዚያ አስጠኚያት። ለበዓሉ ይሆናል ብለዋል።»

«የሸሚዙን?»

«ጥሩ ነው እኮ፣ ዘውዴ» አለች፤ እውነቷን ነበር።

ውጪ መርሻ የመኪናው እግር ማሳረፊያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፊቱ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። «ተቀበለችኝ» አለኝ እጄን ጨብጦ። «አየህ አይደል? የደስታውን ተቀበለችኝ። አንተ ባትነግረኝ ኖሮ…» ምን እንዳጠፋን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ተነሥቶ መኪናው ውስጥ ገባና ሞተሩን አስነሣ።

እሑድ ንጋት ላይ ከማዶ ድምፅ አልነበረም። ተኝታ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፤ የምትተነፍሰው ይሰማኛል።

«እትዬ ዘውዴ» አልኩ ለኮምፔንሳቶው። «መርሻን የጠራሁት እኔ ነኝ። ይሸለማል ወይ ሲለኝም… እኔ ነኝ።»

 የመታወቂያ ካርዴ ምስማሩ ላይ ፀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።

«አውቄዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሹፌር ድራማ ቤት በገዛ እግሩ አይመጣም።»

«ይቅር…»

«ተው እባክህ፣ የጠዋት ይቅርታ አልወድም። አንተ ብሩን ነው የላክኸው፤ አንገቱ የኔ ነው። ስምንት ዓመት እኮ ነው ንጋቱ። እግር ይረሳል፤ አንገት ይማራል።» አልጋዋ ሲጮህ ሰማሁ። «ደግሞ ልንገርህ? የመርሻ ብር ስታርፍብኝ ደስ አለኝ። እናት መሆኔን ረስቼ፣ መራጮቹን ረስቼ፣ ደስ አለኝ። እሷ ናት የምታንገበግበኝ።»

ሰኞና ማክሰኞ ማንጠግቦሽን አስጠናቻት። ትለግማለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሀብቴም ፈርቶ ከወንበሩ አልተነሣም። እሷ ግን ያላትን ሁሉ ሰጠች። ክሳዱን እንዴት እንደምታስተካክል፣ የሌለውን አቧራ ከየትኛው ትከሻ እንደምታራግፍ፣ ፈገግታው ከየትኛው ምት በኋላ እንደሚመጣ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳያት እኔ ራሴ ዘውድነሽን የማይ መሰለኝ፤ ያውም የሃያ አራት ዓመቷን።

«አንገትሽን ዝቅ» አለቻት። «አሁንም ዝቅ። ብር ይዞ የመጣ ሰው ከማጅራትሽ ጋር ይነጋገር።»

«እትዬ፣ አራተኛዋ ላይ ትንፋሼን ልያዝ ወይስ ልልቀቅ?»

«ያዢው። ተረከዝሽ እስኪወድቅ ድረስ ያዢው።»

«እስኪ ከመጀመሪያው» አለ ሀብቴ ሰዓቱን እያየ። «ነገ ተሳፋሪ ናት።»

ማንጠግቦሽ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። ዘውድነሽ በባዶ እግሯ ከወንበሩ አጠገብ ቆማ በእጇ እያጨበጨበች መቁጠር ጀመረች።

«አንድ። ሁለት። ሦስት።»

እጆቿ ለአራት ተነሥተው ቀሩ። ወደ ወንበሩ ዞረች። ሸሚዜን አወለቀችው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች፤ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ መልሳ አራት ቦታ አጣጠፈችው፤ ብብቷ ሥር አደረገችው። ጫማዋ መድረኩ ጥግ ላይ ነበር፤ አጠገቡ አለፈች፣ አልወሰደችውም።

«ጓድ ዘውድነሽ!» አለ ሀብቴ። «ገና ሃያ ደቂቃ አለን!»

በሩን ስትከፍተው የዘጠኝ ሰዓቱ ብርሃን እንደ ምድጃ አፍ ገባ። ውጪ ያለው አስፋልት ያን ሰዓት በጫማም አይረገጥም። ረገጠችው። አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነበር። ማንጠግቦሽ ተረከዟን አንሥታ፣ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች፤ አራትን እየጠበቀች።